ከየቤታችን ፊት ለፊት ያለው ቅጥር
ስለ መሪነትና ስለ ዓላማ የተዘጋጀ የቤተሰብ ትምህርት





ወደዚህች አገር የገባ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ታላቅ ዓላማ ከፍጻሜ ያደረሰ ቤተሰብ ነው። በወገራና በደምቢያ፣ በሰሜንና በትግራይ፣ በጎጃምና በላስታ የነበሩ ወላጆቻችን ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ሲጸልዩ፣ ያንን ዓላማ ከልጅ ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ደብዳቤም ሳይደርሳቸው፣ አንድን አሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጥሉ የያዙ ሕዝብ ናቸው።

አውሮፕላኑ አርፎ፣ ምድሩ ተስሞ፣ የመታወቂያው ወረቀት ተጽፎ ካለቀ በኋላ ግን ብዙ አባቶችና እናቶች በመቀበያ ማዕከሉ (በመርካዝ ክሊታው) ክፍላቸው ውስጥ ቁጭ ብለው በልባቸው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «ይኸው ደረስን፤ ከእንግዲህስ ወዴት ነው?» ይላሉ። በአገራቸው የመንደሩ አስታራቂ፣ የቤተሰቡም ራስ የነበረ ሰው፣ እዚህ ከመሥሪያ ቤት የመጣለትን ደብዳቤ የሚያነብለት የአሥር ዓመት ልጁ ሲሆን፣ መሪነቱ ከእጁ የወጣ ይመስለዋል። ይህ ኀዘን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የብዙ ቤት ኀዘን ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ስለዚህ ጥያቄ ነው። መሪ ማለት ምን ማለት ነው? መሪ ዓላማን የሚተልመው፣ የተለመውንም ከፍጻሜ የሚያደርሰው እንዴት ነው? መልሱን ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከራሳችን ታሪክ፣ እንዲሁም ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከፔታህ ቲክቫ ከተማ ታሪክ እንፈልጋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደርሰው ሳለ ያልተሠራ ቅጥር

መጽሐፈ ነህምያ የሚጀምረው በወሬ ነው። ነህምያ በፋርስ አገር፣ በሱሳ ግንብ፣ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። በኪስሌቭ ወር ወንድሙ ከሌሎች ሰዎች ጋር ከይሁዳ በመጣ ጊዜ ስለ ኢየሩሳሌም ጠየቃቸው። እነርሱም ሕዝቡ በመከራና በውርደት እንዳለ፣ ቅጥሩ እንደ ፈረሰ፣ በሮቹም በእሳት እንደ ተቃጠሉ ነገሩት።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ወሬ የተነገረው ሕዝቡ ገና በምርኮ ሳለ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ከባቢሎን ከመጡ ዘጠና ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ቤተ መቅደሱም ተሠርቷል። ሰዎቹ በአገራቸው ውስጥ ናቸው፤ ቅጥሩ ግን እንደ ፈረሰ ነው። ስለዚህ መድረስ አንድ ነገር፣ መሥራት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ወደ አገር መግባት የአንድ ዓላማ ፍጻሜ ቢሆንም፣ ለሌላው ዓላማ መነሻ ነው። «ደረስን፤ ከእንግዲህስ ወዴት?» የሚለው ጥያቄ የደካሞች ጥያቄ ሳይሆን በነህምያ ዘመን የነበሩ ተመላሾችም የኖሩበት ጥያቄ ነበር።

ነህምያ ነቢይ አልነበረም፤ ካህንም አልነበረም። በሰው አገር የሰው ጽዋ ያዥ ነበር። ቅጥሩን ግን በ52 ቀን አሠራ። እንዴት አድርጎ? ታሪኩን ስንመረምር አምስት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛ፤ መሪ የፈረሰውን በዓይኑ ያያል

ነህምያ ወሬውን በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ። በጸሎቱም «እነርሱ በደሉ» አላለም፤ ራሱንና የአባቱን ቤት ከበደለኞቹ ጋር ቆጠረ። በሌላው ላይ ጣት በመቀሰር የተጀመረ ዓላማ ሩቅ አይሄድም።

ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም ወዲያው ሕዝቡን ሰብስቦ አልተናገረም። ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከዚያም በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ፣ ለማንም ሳይነግር፣ ቅጥሩን ዙሪያውን መረመረ። የቱ በር እንደ ተቃጠለ፣ የቱ ስፍራ እንደ ፈረሰ፣ ፍርስራሹ የት ላይ ለከብቱ መተላለፊያ እንዳሳጣ በዓይኑ አየ። ለሕዝቡ በተናገረ ጊዜ የተናገረው ያየውን ነው።

ከዚህ የምንማረው ዓላማ ከምኞት የሚለይበትን ነገር ነው። «ቤተሰቤ እንዲያልፍለት እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ገና ቅጥሩን አልዞረም። የትኛው በር ነው የተቃጠለው? ቋንቋው ነው? ሥራው ነው? ልጁ በክፍል ውስጥ የሚነገረውን አለመረዳቱ ነው? ወይስ ባልና ሚስት በገንዘብ ጉዳይ አለመስማማታቸው? ጉድለቱ በስሙ ካልተጠራ አይሞላም። ነህምያ ሌሊቱን የመረጠው በቀን ሁሉም የየራሱን አስተያየት ስለሚጮኽበት ይሆናል። እኛም በሩጫው መካከል አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ያስፈልገናል፤ ለዚህም ሰንበት ተሰጥታናለች።

ሁለተኛ፤ መሪ ለዓላማው ጊዜና መንገድ ያበጅለታል

ነህምያ ወሬውን የሰማው በኪስሌቭ ሲሆን፣ በንጉሡ ፊት የተናገረው በኒሳን ነው። በመካከሉ አራት ወር አለ። በእነዚህ ወራት የጸለየ ብቻ አይመስልም፤ አስቦበታል። ንጉሡ «መቼ ትመለሳለህ?» የሚል ጥያቄ ባቀረበለት ጊዜ ጊዜውን ወስኖ ነገረው። ከወንዙ ማዶ ላሉት ገዢዎች ደብዳቤ እንዲጻፍለት፣ የንጉሡም ደን ጠባቂ ለበሮቹ እንጨት እንዲሰጠው ለመነ። ምን እንደሚያስፈልገው፣ ከማን ዘንድ እንደሚገኝም ያውቅ ነበር። ጸሎቱ ዕቅዱን አላስቀረውም፤ ዕቅዱም ጸሎቱን አልተካውም።

ይህን ነገር የራሳችን ታሪክ በብዙ ዋጋ አስተምሮናል። በ1862 አባ መሃሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ በሙሴ ዘመን እንደ ተከፈለ ይከፈልልናል ብለው ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ነገር ግን ጉዞው በትግራይ ምድር ተሰናከለ፤ ብዙዎችም በረሃብና በበሽታ አለቁ። በእነዚያ ሰዎች ላይ ልንፈርድ አይገባንም፤ እምነታቸው ከእኛ እምነት የበለጠ እንጂ ያነሰ አልነበረም። የጎደላቸው ስንቅና መንገድ ነበር።

ዓላማው ግን ከእነርሱ ጋር አልሞተም። በ1908 በጎንደር አጠገብ በወለቃ የተወለዱት ዮና ቦጋለ በልጅነታቸው ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሄደው ተምረው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ትልቁን ዓላማ በትናንሽ ሥራ በመከፋፈል ነው፤ መምህር ማሠልጠን፣ ትምህርት ቤት መክፈት፣ ዕብራይስጥ ማስተማር፣ የበዓላትን መቁጠሪያ አዘጋጅቶ ለየመንደሩ ማዳረስ። በ1955 እና በ1956 ሁለት የወጣቶች ቡድኖች ወደ ክፋር ባትያ መጥተው እንዲማሩ ተደረገ። በጥቂት ልጆች የተጀመረው ነገር በጊዜው ለብዙዎች ከባሕር ጠብታ የማይበልጥ መስሎ ሳይታያቸው አልቀረም፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል ግን ኋላ ለሕዝባቸው መምህራን የሆኑ ወጡ። ዮና ቦጋለ ራሳቸው ወደ እስራኤል የገቡት በ1979 ሲሆን፣ በ1987 ዐርፈዋል።

እንዲሁም በሰባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ፈረደ አክሉም የተባሉት መምህር ወደ ሱዳን ተሰደው ሳለ፣ ከዚያ ሆነው ለእርዳታ መልእክት ላኩ፤ መንገዱም በሱዳን በኩል ተከፈተ። ያ መንገድም ቢሆን ያለ ዋጋ አልሆነም። በበረሃና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን እንደ ወጡ ቀርተዋል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። በሙሴ ዘመቻ፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ፣ ሺዎች ገቡ። በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ደግሞ 14,000 የሚያህሉ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጉዘው ገቡ። ሁለት ቀን የማይሞላው ሥራ ከበስተጀርባው የብዙ ትውልድ ጸሎትና የብዙ ዓመት ዝግጅት እንደ ነበረው አንርሳ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሦስተኛ፤ መሪ ሥራውን ያከፋፍላል

የመጽሐፈ ነህምያን ሦስተኛ ምዕራፍ ብዙ አንባቢ ይዘልለዋል፤ የስም ዝርዝር ስለሆነ። መሪነትን ለሚማር ሰው ግን ከሁሉ የበለጠው ምዕራፍ እርሱ ነው። ካህናቱ አንዱን በር ሠሩ። አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች በአጠገባቸው ሠሩ። ነጋዴዎች ሠሩ። አንድ የአውራጃ አለቃ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። በዝርዝሩ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ቃል ደግሞ እያንዳንዱ «በቤቱ አንጻር» ማለትም ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን እንደ ሠራ የሚናገረው ነው።

ጥበቡ ምንድር ነው? ሰው የከተማውን ቅጥር ሁሉ ሥራ ቢባል ይደነግጣል። ከደጁ ፊት ያለውን ግን ይሠራል፤ ደግሞም አጥብቆ ይሠራል፣ ጠላት ቢገባ የሚገባው በዚያ ነውና። የእርሱ ክፍል ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ካልተገጠመ ዋጋ ስለሌለው ደግሞ ጎረቤቱን ይጠብቃል፤ ይረዳልም። የእኛም አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ቤተሰብን የሚመራ ሰውም እንዲሁ ነው። ሁሉን ብቻውን የሚሸከም አባት ቶሎ ይደክማል፤ ሁሉን ለልጆቹ የሚተው አባት ደግሞ ቦታውን ያጣል። ለእያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ድርሻ መስጠት ይገባል። ሽማግሌው አባት ዕብራይስጥ ባይዙ፣ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘርን መለየት፣ የበዓላቱን ሥርዓት፣ የኦሪቱን ጸሎት፣ የጉዞውን ታሪክ ያውቃሉ፤ ይህን ከእርሳቸው በቀር ማንም ለልጅ ልጃቸው ሊሰጥ አይችልም። እናት የሰንበትን ዳቦ ስትጋግር ሴቶችም ወንዶችም ልጆቿ አጠገቧ ሆነው ይማሩ። ልጅ ደብዳቤውን ሲያነብ ለአባቱ ዳኛ ሆኖ ሳይሆን አጋዥ ሆኖ እንዲያነብ ይነገረው፤ ውሳኔው የወላጆቹ መሆኑንም ይወቅ። ልጅ አስተርጓሚ ቢሆን የቤቱ ራስ ሆነ ማለት አይደለም፤ ነህምያም ደብዳቤ የሚጽፉለት የንጉሡ ጸሐፊዎች ስለ ነበሩ መሪነቱ አልቀረበትም።

አራተኛ፤ መሪ ከውስጥ የሚሰማውን ጩኸት አይንቅም

ቅጥሩ እኩሌታ ሲደርስ ሥራው ሊቆም ተቃርቦ ነበር። ከውጭ ሰንባላጥና ጦብያ ያፌዙ ነበር፤ ቀበሮ ቢወጣበት እንኳ ይፈርሳል ብለው ቀለዱ። ነገር ግን ከዚህ የከፋው ጩኸት ከውስጥ የመጣው ነው። ድሆቹ እርሻቸውንና ቤታቸውን ለእህል አሲዘው፣ ልጆቻቸውን ለዕዳ አገልጋይ እስከ ማድረግ ደርሰው፣ በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ።

ነህምያ «አሁን የቅጥሩ ሥራ ይቅደም፣ ይህ በኋላ ይታያል» አላለም። በልቡ ካሰበበት በኋላ ባለጠጎቹን በጉባኤ ፊት ገሠጻቸው፤ የያዙትን እርሻና ቤት እንዲመልሱም አስማላቸው። እርሱ ራሱ አሥራ ሁለት ዓመት ገዢ ሆኖ ሳለ ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። ሕዝቡን የሚያስርበው ቅጥር እርሱ የተለመው ቅጥር አልነበረምና።

እንግዲህ በቤተሰብም፣ በቀበሌ ኮሚቴም፣ በጸሎት ቤትም የምንመራ ሰዎች ራሳችንን እንጠይቅ። ቤት ለመግዛት ወይም ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለመላክ ስንል ከእኛ ጋር ያለው ልጅ ተዘንግቷልን? ሚስት ወይም ባል በዝምታ የሚያነባበት ነገር አለን? ዓላማ ትርጉም ያለው የሚሆነው ለተባለለት ሰው ዕረፍት ሲሆን ነው። በቤት ውስጥ አለመስማማት ቢነሣ፣ እንደ ልማዳችን ሽማግሌ ፊት፣ ቄስ ፊት መቅረብ፣ እንደ አገሩም ሥርዓት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ማነጋገር ነውር አይደለም፤ ነገሩ ከመክረሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ጩኸት የተሰማበትን አንድ ነገር ከዚሁ ከተማ እናንሣ። በ2009 ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን በፔታህ ቲክቫ አንዳንድ የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድ ልጆችን አንቀበልም በማለታቸው ታላቅ ቅሬታ ሆነ። ቅሬታው የበለጠ ያቆሰለው በሃይማኖት ወንድሞች ዘንድ በመሆኑ ነው። ወላጆችም ተቃውሟቸውን በአደባባይ አሰሙ፤ ጉዳዩ እስከ መንግሥት ደረሰ፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ገንዘብ እንደሚያግድ አስጠነቀቀ፤ በመጨረሻም ልጆቹ የሚገቡበት ስምምነት ተደረገ። ወላጆቹ የጠየቁት ግልጽ ነበር፤ «ልጃችን እንደ ሌላው ልጅ በክፍል ውስጥ ይቀመጥ» የሚል። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ስለ ነበረ ማንም ሊያድበሰብሰው አልቻለም። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ ዝም አትበሉ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

አምስተኛ፤ መሪ ከሥራው አይወርድም፤ ቢወድቅም ይመለሳል

ቅጥሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ጠላቶቹ ስልት ለወጡ። ነህምያን በኦኖ ሜዳ እንገናኝ ብለው አራት ጊዜ ላኩበት። እርሱም ታላቅ ሥራ በእጁ እንዳለ፣ እርሱን ትቶ ሊወርድ እንደማይችል አራቱንም ጊዜ በአንድ ቃል መለሰ። የኦኖ ስም ዛሬም በፔታህ ቲክቫ በስተደቡብ በምትገኘው በቂርያት ኦኖ ይታወሳል። በከተማችን አውቶቡስ ላይ ሆናችሁ ያንን ስም ባነበባችሁ ጊዜ፣ አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ወደዚያ አልወርድም ያለው ስፍራ ስም መሆኑን አስታውሱ።

ሆኖም ያሰቡት ሁሉ በ52 ቀን የሚያልቅላቸው ጥቂቶች ናቸው። የፔታህ ቲክቫ መሥራቾች ታሪክ ከእኛ ኑሮ ጋር የበለጠ ይቀራረባል። በ1878 ከኢየሩሳሌም የወጡ ጥቂት ሃይማኖተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ዮኤል ሞሼ ሰሎሞን፣ ኢየሆሹዓ ሽታምፐርና ዳዊድ ጉትማን ይገኛሉ። ሽታምፐር በወጣትነቱ ከሃንጋሪ ተነሥቶ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ በ1869 ኢየሩሳሌም የገባ ሰው ነው። የእግር መንገድን የምታውቁ እናንተ ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ።

በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩ ብዙ አይሁድ ከውጭ አገር በሚላክ እርዳታ ይተዳደሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን የእጃቸውን ሥራ በልተው፣ የምድሪቱን ትእዛዛት በምድሪቱ ላይ ጠብቀው ለመኖር አሰቡ። መጀመሪያ በኢያሪኮ አጠገብ መሬት ለመግዛት ፈለጉ፤ የቱርክ መንግሥት ግን አልፈቀደም። ለዚያ ስፍራ መርጠውት የነበረውን ከነቢዩ ሆሴዕ ቃል የተወሰደውን «የተስፋ በር» የሚለውን ስም ግን አልጣሉትም። በያርኮን ወንዝ አጠገብ ሌላ መሬት ሲያገኙ ስሙን ለዚያ ሰጡት፤ ፔታህ ቲክቫ ማለት ይኸው ነው። ቦታው ተለወጠ፤ ዓላማው ግን አልተለወጠም።

በወንዙ ዳር የነበረው ረግረግ ወባ ያፈልቅ ነበር። ሰዎች ታመሙ፤ ሞቱም። ጎርፍ መጣ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሰፈሩ ተፈታ፤ በ1881 ባዶ ሆነ። በዚያን ዓመት አንድ ሰው ያንን ስፍራ አይቶ ቢፈርድ፣ «የተስፋ በር» የተባለው የተዘጋ በር ነው ይል ነበር። ነገር ግን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ተመለሱ። ሲመለሱም እንደ ቀድሞው አልተመለሱም። ከረግረጉ ራቅ ብላ በምትገኘው በይሁድ መንደር ቤት ሠርተው እየኖሩ እርሻቸውን ያርሱ ጀመር። ኋላም በባሮን ኤድሞን ደ ሮትሺልድ እርዳታ ረግረጉ እንዲደርቅ ተደረገ፤ ውኃውን የሚመጥ ባሕር ዛፍም ተተከለ። አዲስ አበባን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ይህንንም ምድር ረድቷል ማለት ነው።

ያ ሰፈር ኋላ «የሰፈሮች እናት» ተባለ፤ በ1937 ደግሞ ከተማ ሆነ። ትኩሳት ሰውን ያባርርበት በነበረው ምድር ዛሬ ከአገሪቱ ትልልቅ ሆስፒታሎች አንዱ የሆነው በይሊንሶን ይገኛል፤ ከእኛም ወገን በዚያ የሚታከሙ ብቻ ሳይሆኑ የሚያክሙም አሉ።

ከመሥራቾቹ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። በሩ ቢዘጋ ሌላ በር ፈለጉ እንጂ ስሙን አልጣሉም። የወደቁበትን ምክንያት አውቀው አካሄዳቸውን ለወጡ እንጂ በዚያው መንገድ አልተመለሱም። ከሌላው እርዳታ መቀበልን አላፈሩበትም፤ እርዳታውን ግን ከእርዳታ ለመውጣት ተጠቀሙበት። ለአዲስ ገቢ የሚሰጠውም ድጎማ እንዲሁ ነው፤ መሰላል ነው እንጂ መኝታ አይደለም።

ቅጥሩ ካለቀ በኋላ

ቅጥሩ በኤሉል 25 ቀን አለቀ። መጽሐፉ ግን በዚያ አያበቃም። በሰባተኛው ወር ሕዝቡ ወንድና ሴት፣ የሚያስተውልም ልጅ ሁሉ በውኃ በር አደባባይ ተሰበሰበ፤ ዕዝራም ኦሪትን ከፍቶ አነበበላቸው። አልቅሰው ነበር፤ ደስ እንዲላቸው፣ ለሌለውም ድርሻ እንዲልኩ ተነገራቸው። በዚያው ወር ጾመው፣ ኃጢአታቸውን ተናዘው፣ ቃል ኪዳናቸውን አደሱ።

ይህ ታሪክ ለቤተ እስራኤል እንግዳ አይደለም። በስግድ ቀን፣ ከማስተሰረያ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ቄሶቻችን ኦሪቱን ተሸክመው ወደ ተራራ ሲወጡ፣ ሕዝቡም ጾሞ ሲከተል፣ ከሚነበቡት መካከል ይህ የነህምያ ቃል ይገኛል። ወላጆቻችን በአምቦበርና በሌሎች ከፍታዎች ላይ ቆመው የሰሙት ታሪክ የመመለስ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የመሥራትም ታሪክ ነበር። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል።

ነህምያ ለጥቂት ጊዜ ወደ ንጉሡ ተመልሶ እንደገና ሲመጣ ደግሞ፣ ሰዎች በሰንበት ሸክም ሲያስገቡና ሲነግዱ አገኘ። ቅጥሩ ቆሞ ሳለ ቅጥሩ የተሠራለት ነገር ተረስቶ ነበር። ስለዚህ ሰንበት ሲገባ በሮቹን አስዘጋ። የተፈጸመ ዓላማ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ቤት ተገዝቶ፣ መኪና ቆሞ፣ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሳለ ሰንበት ከቤት ከጠፋች፣ አባትና ልጅም በአንድ ማዕድ ካልተቀመጡ፣ ቅጥሩ ለምን ተሠራ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዓርብ ማታ ማዕዱ ሲነሣ ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ተቀመጠ፣ አንድ የፈረሰ ስፍራ ብቻ ምረጡ። ሁሉን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። የመረጣችሁትንም በልክ ተናገሩት። «ዕብራይስጥ እማራለሁ» የሚለው ምኞት ነው፤ «እስከ ፋሲካ ድረስ ከልጄ ትምህርት ቤት የሚመጣውን ማስታወቂያ ራሴ አነባለሁ» የሚለው ግን ዓላማ ነው። ለዚህም ምን ያስፈልጋል? ከዑልፓን አለመቅረት፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማንበብ፣ ልጁም በትዕግሥት ማረም። የእያንዳንዱን ድርሻ በስሙ ጥሩ። በአዲስ ወር መባቻ፣ እንደ ጥንቱ ልማዳችን ወሩን ስትቀበሉ፣ ምን እንደ ተሠራና ምን እንደ ቀረ ተመልከቱ። ያልተሳካ ቢኖር አትነቃቀፉ፤ የፔታህ ቲክቫን ባዶ ቤቶች አስቡና መንገዱን ለውጡ።

አንድ አባት ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ አንድ ገጽ ዕብራይስጥ በጭንቅ ቢያነብ መሪነቱን አላጣም። ልጁ ያን ቀን ያየው ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር የሚሠራ ሰው ነው፤ ይህንንም ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ለቤተሰብ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ነህምያ ለሕዝቡ ከመናገሩ በፊት ቅጥሩን በሌሊት የዞረው ለምን ይመስላችኋል?
2. በአባ መሃሪ ዘመን የነበረው ጉዞ የተሰናከለው ለምንድር ነው? ዓላማውን በሕይወት ያቆየውስ ምንድር ነው? አረጋውያን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ለልጆች ይንገሩ።
3. የፔታህ ቲክቫ መሥራቾች ሲመለሱ ከበፊቱ የለወጡት ምን ነበር? እኛስ ደጋግመን ያልተሳካልን፣ አካሄዱን ልንለውጠው የሚገባን ነገር አለን?
4. በቤታችን ውስጥ ያልተሰማ ጩኸት ያለበት ሰው ይኖር ይሆን? ዛሬ ያለ ቁጣ እናዳምጠው።
5. ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የፈረሰ ስፍራ የትኛው ነው? እስከ መቼ እንሠራዋለን? የማን ድርሻ ምንድር ነው?

የቤታችሁን ሥራ እግዚአብሔር ያከናውንላችሁ። አሜን።